የገዳዩን ስም አስቀድሞ የነገረኝ ሰው

ዛሬ አንድ ክስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ተከሳሹን ግን አላውቀውም፤ የራሱን ስም ትቶ የሌላ ሰው ስም ጽፎ ነው የሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲገባ ለሌሊት ማንበቢያ ይሆነኛል ብዬ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ሄድሁና አምስት ስድስት የሚሆኑ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ገዛሁ። ከነዚያ አንዱ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ነበር። ማታ ራቴን በልቼ፥ ጋቢዬን ተከናንቤ፥ የመጀመሪያውን ገጽ ብገልጥ ከርእሱ በታች በእርሳስ፥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፥ ‹‹ገዳዩ እገሌ ነው›› የሚል ቃል አገኘሁ። ‹‹እገሌ›› ያልሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱስ ስሙን አሟልቶ ነው የጻፈው።

ይህን ሰው ምን ልበለው? ኪስ አውላቂ እንኳ የሚወስደው ገንዘብ ነው። ይህ ግን ገና ያላየኋቸውን ሦስት ሌሊቶች ሰረቀኝ። ተናድጄ መጽሐፉን ወዲያ ወረወርሁት። ትንሽ ቆይቶ የከፈልሁት ገንዘብ ትዝ አለኝና መልሼ አነሣሁት፤ እስቲ አንድ ምዕራፍ ብቻ ልየው ብዬ ጀመርሁ። ቀና ብዬ ሰዓቴን ሳይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል! መጨረሻውን እያወቅሁ እንቅልፍ የነሣኝ ምን ይሆን? ይህ ጥያቄ ክረምቱን ሁሉ አልለቀቀኝም፤ የዛሬው ጨዋታችንም ስለሱ ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። ያገራችንን ነገር ሳነሣ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ሁለተኛም፥ በዚህ አምድ የማንኛውም ገዳይ ስም አይነገርም። አንድ ክፉ ሰው ይበቃል።

የአጋታ ክሪስቲ መጽሐፍ በ1944 የወጣ ሲሆን ርእሱን ‹‹ፍጻሜው ሞት ነው›› ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ደራሲዋ እንደ ልማዳቸው የእንግሊዝ ባላገር ቤትና ሻይ አላቀረቡልንም። ታሪኩ የሚፈጸመው በአባይ ዳር፥ ዛሬ ሉክሶር በሚባለው ስፍራ አጠገብ፥ ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ያህል በፊት ነው። ባለቤታቸው ማክስ ማሎዋን የከርሰ ምድር ጥናት ሊቅ ነበሩና እሳቸውም በየቍፋሮው አብረው ይሄዱ ነበር፤ ይህን መጽሐፍ እንዲጽፉ የገፋፏቸው ግን የግብፅን ጥንታዊ ታሪክ ያጠኑት ወዳጃቸው ስቲቨን ግላንቪል ናቸው። ለታሪኩም መነሻ የሆነው እውነተኛ ነገር ነው፤ ይኸውም ሄቃናክት የሚባል አንድ የጥንት ግብፃዊ ከሄደበት አገር ወደ ቤቱ የላካቸው የፓፒረስ ደብዳቤዎች ናቸው። ሰውዬው ስለ እርሻው፥ ስለ እህሉ፥ ስለ ቀለቡ ከተናገረ በኋላ፥ አዲስ ያገባትን ሴት ቤተ ሰቡ እየበደለብኝ ነው ብሎ ይቈጣል። አራት ሺህ ዓመት ያለፈው የቤት ጠብ!

ደራሲዋ ይህን ጠብ ይዘው ቤት ሠሩለት። አባትየው የሙታን አገልጋይ ካህን ነው። ባልዋ የሞተባት ልጁ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ወንዶቹ ልጆች ርስቱን እያዩ አባታቸውን ይታዘባሉ፤ ምራቶቹ በማጀት ይናከሳሉ። ዓይኗ የደከመ፥ ልቧ ግን ያልደከመ አሮጊት አያት አለች። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል ወሬ የምታመላልስ አገልጋይም አለች፤ እንደሷ ያለች ሴት በሰፈሩ የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። በዚህ ቤት ላይ አባትየው አንዲት ወጣት ዕቍባት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተው ገምቱ።

መጽሐፉ ጕድለት የለውም አልልም። ሬሳው ከመብዛቱ የተነሣ ወደ መጨረሻው ላይ በሕይወት የቀሩትን በጣት ቈጥሮ ገዳዩን መድረስ ይቻላል። ሰዎቹም አንዳንድ ጊዜ የአራት ሺህ ዓመት ልብስ የለበሱ እንግሊዞች ይመስላሉ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የገዳዩን ስም በማወቄ ያ ስም በተጠራ ቍጥር ገላዬን ይቀዘቅዘው ጀመር። ለሌላ አንባቢ ተራ ሰላምታ የሆነው ለእኔ ማስፈራሪያ ሆነ። ቤተ ሰቡ ማዕድ ከቦ ሲቀመጥ ‹‹አትቅመሱ!›› ብዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። ያ ባለ እርሳስ ሰውዬ ሳያውቀው ሌላ መጽሐፍ ሰጠኝ ማለት ነው።

የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ነገር በ1962 ከፈረንሳዊው ከፍራንሷ ትሩፎ ጋራ ባደረጉት ረዥም ጭውውት በአንድ ምሳሌ አስረድተውታል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ይህን ካላወቀ ቦምቡ በፈነዳ ጊዜ ለዐሥራ አምስት ሰኮንድ ይደነግጣል፤ በዚያው ያበቃል። ቦምቡ ሲቀመጥ አይቶ፥ ሰዓቱንም አውቆ ከሆነ ግን ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ይጨነቃል። የሰዎቹ ወሬ ያው ነው፤ አልተለወጠም። አንዱ ስለ ኳስ ያወራል፥ ሌላው ሲጋራውን ይለኩሳል። ተመልካቹ ግን ‹‹ተነሡ እንጂ፥ ምን ታደርጋላችሁ?›› ይላል። ልብ የሚንጠለጠለው ባወቁት ነገር ነው እንጂ ባላወቁት አይደለም ማለታቸው ነው።

ታሪክን ተመርኵዘው የሚጻፉ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ሁሉ ዕዳቸው ይህ ነው፤ መጨረሻውን አንባቢው ያውቀዋል። ፍሬድሪክ ፎርሳይት በ1970 መጀመሪያ ገንዘባቸው አልቆ፥ ጋዜጠኝነቱም እንጀራ አልሆን ብሏቸው፥ በ35 ቀን ውስጥ ‹‹የቀበሮው ቀን›› የሚባለውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉ ችግሩ ይኸው ነበር። ጭብጡ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደጎልን ለመግደል የተቀጠረ ባዕድ ነፍሰ ገዳይ ነው። አሳታሚዎቹ ‹‹ደጎል እኮ አልተገደሉም፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ?›› እያሉ መለሱባቸው። እውነታቸውን ነው። ደጎል በመጽሐፉ ውስጥ ይገደሉበታል ከተባለው ከ1963 በኋላ ብዙ ኖረዋል። እንዲያውም በ1966 እዚሁ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ ተገናኝተዋል፤ ያ ረዥም ቁመታቸው ከሰው ሁሉ በላይ ሲታይ ያዩ አዛውንቶች ዛሬም አይጠፉም። የሞቱትም በ1970 በገዛ ቤታቸው ካርታ ሲደረድሩ ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ በ1971 ታትሞ ዓለምን አዳረሰ። እኔም ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት፤ ለሦስተኛ ጊዜም ደጎልን ሊገድላቸው ነው ብዬ ሰጋሁ! ምስጢሩ ደራሲው ‹‹ይገደላሉ ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ ትተው ‹‹እንዴት አድርጎ?›› የሚለውን መያዛቸው ላይ ነው። በእውነቱ ይጀምራሉ፤ በነሐሴ 1962 በፓሪስ አጠገብ በደጎል መኪና ላይ የጥይት በረዶ የወረደበትን ቀንና፥ የዚያ ሤራ መሪ የነበረው መኰንን በመጋቢት 1963 የተረሸነበትን ማለዳ ይነግሩናል። ከዚያ በዚያ እውነት ላይ ልብ ወለዱን ይቀጥሉበታል። ገዳዩ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ መቃብር ፈልጎ በዚያ ልጅ ስም የልደት ወረቀት፥ በልደት ወረቀቱም ፓስፖርት ሲያወጣ እናያለን። ጠበንጃውን ለባለ ሙያ ሲያሠራ፥ መንገዱን ሲሰልል እንከተለዋለን። ወደ ሌላው ወገን ዞር ስንል ደግሞ ኮሚሴር ሌበል አለ፤ አጭር፥ ትሑት፥ በሚስቱ የሚገሠጽ፥ በቢሮው ግን እንደ ጕንዳን የማይታክት ሰው። እኔን ያሳፈረኝ አንድ ነገር አለ፤ ልንገራችሁ። መጽሐፉ እኵሌታው ላይ ሲደርስ ገዳዩ እንዳይያዝ እመኝ ነበር። ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ሰው ልብን ይሰርቃል፤ ሥራው ግድያ ቢሆንም እንኳ። ፎርሳይት በሰኔ 2025 ዐርፈዋል፤ ብዙ ጽፈው ነበር፤ ለእኔ ግን ይህን የሚያህል ሁለተኛ አልጻፉም።

አሁን ደግሞ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ መርማሪ ላስተዋውቃችሁ። ጆሴፊን ቴይ በሚል የብዕር ስም የሚጽፉት ስኮትላንዳዊት በ1951 ‹‹የጊዜ ልጅ›› የሚባል መጽሐፍ አውጥተው ነበር። መርማሪው ግራንት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጣራ ጣራውን ሲያይ ይውላል። እንዳይሰለቸው ወዳጁ የሆነች ተዋናይት የጥንት ሰዎች ሥዕሎች ታመጣለታለች። አንዱን ሥዕል አይቶ፥ ይህ ሰው ዳኛ ይመስላል እንጂ ተከሳሽ አይመስልም ይላል። ገልብጦ ቢያየው ሪቻርድ ሣልሳዊ ሆኖ ተገኘ! ይህ የእንግሊዝ ንጉሥ አልጋውን ለመያዝ ብሎ ሁለት የወንድሙን ልጆች በለንደን ግንብ ውስጥ አስገደለ እየተባለ ስሙ ለአምስት መቶ ዓመት ሲረገም የኖረ ነው። ግራንት ካልጋው ሳይነሣ፥ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በብሪቲሽ ሙዚየም መዛግብት እያገላበጠለት፥ የጥንቱን ክስ እንደገና ይመረምራል። የመጽሐፉ ርእስ ‹‹እውነት የጊዜ ልጅ ናት›› ከሚል የጥንት ብሂል የመጣ ነው፤ እኛ ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› የምንለው መሆኑ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ጠበንጃ አይተኰስም፤ ማንም ማንንም አያሳድድም። የሚታደነው ጸሓፊ ነው። ሪቻርድን ክፉ አድርጎ የሣለውን ታሪክ የጻፉት ቶማስ ሞር በ1485 ንጉሡ በጦር ሜዳ ሲወድቅ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ታዲያ ከማን ሰሙ? በልጅነታቸው ያደጉት በሪቻርድ ጠላት፥ ኋላም የአዲሱ ንጉሥ ታላቅ ባለሟል በሆኑት በጆን ሞርተን ቤት ነው። ግራንት ይህን ሲሰማ እንደ ፖሊስ ይቈጣል፤ ‹‹ሰማሁ›› ባይ ምስክር በፍርድ ቤት አይቆምም ይላል። ይህን ሳነብ ያገራችን ዜና መዋዕል ትዝ አለኝ። የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ደብተራ ዘነብም አለቃ ወልደ ማርያምም ጽፈውታል፤ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው ስለ አንድ ንጉሥ የሚያነብ አይመስለውም። እኛ ግን ትምህርት ቤት ሳለን አንዱን ተምረን አንዱን ሳናይ አደግን።

ሆኖም ወይዘሪት ቴይን እንዲሁ አልለቃቸውም። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ጠበቃ ነው የጻፉት። የሰው ፊት አይቶ ንጹሕ ነው ማለትማ የጠንቋይ ሥራ ነው። ደግሞም ግራንት፥ አዲሱ ንጉሥ ሪቻርድን በከሰሰበት ሰነድ ላይ የልጆቹን መገደል አላነሣም ብሎ ብዙ ያከርራል፤ የታሪክ ሰዎች ግን ሰነዱ ስማቸውን ባይጠራም የሕፃናት ደም ማፍሰስን እንደሚያነሣ ያሳያሉ። ከዚህም የሚበልጥ አለ። በነሐሴ 2012 በሌስተር ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ተቈፍሮ የሪቻርድ ዐፅም ተገኘ። በ2013 በእኅቱ ዘር ደም ተመርምሮ እሱነቱ ተረጋገጠ፤ በመጋቢት 2015ም በከተማው ካቴድራል በክብር ተቀበረ። ወዳጆቹ ‹‹መጕበጡ የጠላት ወሬ ነው›› ሲሉ ኖረው ነበር። ዐፅሙ ሲታይ የጀርባው አጥንት በርግጥ ተጣሞ ተገኘ፤ ሰለለ የተባለው ክንዱ ግን ደኅና ነበር። እንግዲህ ጠላትም ግማሽ ዋሸ፥ ወዳጅም ግማሽ ዋሸ። ልጆቹን ማን እንደ ገደላቸው ዐፅሙ አልተናገረም። የእንግሊዝ የወንጀል ታሪክ ደራስያን ማኅበር በ1990 የመቶ ምርጥ መጻሕፍትን ዝርዝር ሲያወጣ ይህን አንደኛ አደረገው፤ እኔም ጠበቃ መሆኑን እያወቅሁ አልቃወምም።

ስለ ኡምቤርቶ ኤኮ ‹‹የጽጌረዳዋ ስም›› ባጭሩ ልለፍ። በ1980 በጣልያንኛ የወጣ ነው፤ በ1327 በአንድ ገዳም በሰባት ቀን ውስጥ መነኮሳት አንድ በአንድ ያልቃሉ። ብራና ሲፋቅ፥ ቀለም ሲበጠበጥ፥ መጽሐፍ ሲቈለፍበት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ግን ዳገት ናቸው፤ ደራሲው ራሳቸው እንደ ንስሓ አድርጋችሁ ውሰዱት ብለዋል። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼ በሦስተኛው ነው የተሻገርሁት። ዳገት ለማይወድ ሰው የሲ ጄ ሳንሶምን ‹‹መፍረስ›› እመክራለሁ፤ በ2003 የወጣ ነው። በ1537 ሄንሪ ሳምናዊ ገዳማትን ሲያፈርስ፥ ሻርድሌክ የሚባል ጐባጣ የሕግ ሰው በክረምት ብርድ ወደ አንድ ገዳም ተልኮ ግድያ ይመረምራል። መጀመሪያ ጌቶቹን ያምናል፤ ወደ ኋላ ግን ማንን እንደሚያገለግል ይገባዋል። ሳንሶምም በ2024 ዐርፈዋል።

አሁን በጭራሽ ላነሣው አልፈልግም የነበረ፥ ግን ላልፈው ያልቻልሁት መጽሐፍ ላይ ደርሻለሁ። የእኅቴ ልጅ ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥታ ነበር። አማርኛ ትናገራለች፤ ማንበቡ ግን ይከብዳታል። ከሻንጣዋ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውጥታ ‹‹ጋሼ፥ አሪፍ የስለላ ታሪክ ነው፥ አንብበኸዋል?›› አለችኝ። ባየው ‹‹ኦሮማይ›› ነው! በ2025 ተተርጕሞ በለንደንና በኒው ዮርክ የታተመው።

የበዓሉ ግርማን ‹‹ኦሮማይ›› የኛ አንባቢ ያውቀዋል። በ1975 ዓ.ም የታተመ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም በ1974 ዓ.ም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይላካል፤ አዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ በአሥመራ ከፊያሜታ ጋራ ፍቅር ይይዘዋል፤ ዙሪያውን ሰላይና ተሰላይ ይተራመሳሉ፤ ነገሩም በናቅፋ ተራራ ላይ ያልቃል። ርእሱ ጣልያንኛ ዘር ያለው የአሥመራ ቃል ነው፤ አበቃ፥ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው እንደ ማለት ነው። ደራሲው ከዚህ በፊት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነው ሠርተዋል፤ መጽሐፉን ሲጽፉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ነበሩ፤ ዘመቻውንም ባይናቸው አይተውታል። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። እሳቸውም ከሥራቸው ተነሡ። በየካቲት 1976 ዓ.ም አንድ ቀን ከቤታቸው ወጡ፤ አልተመለሱም። መቃብራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መጽሐፉን ከልጅቷ ተውሼ በእንግሊዝኛ አነበብሁት። በወጣትነቴ በአማርኛ ያነበብሁት፥ ሽፋኑ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በእጅ ዞሮ የደረሰኝን ነው፤ በሁለት ሌሊት መልስ ተብዬ ነበርና ስሮጥ ነበር ያነበብሁት፤ ያኔ የምሰጋው ለፀጋዬ ነበር። አሁን ግን ስለ ፀጋዬ መስጋት አልቻልሁም። ባለ ሥልጣኖቹ በስብሰባ ላይ ሲፎክሩ፥ ደራሲው እያንዳንዳቸውን ከነአነጋገራቸው፥ ከነአረማመዳቸው፥ ማንነታቸው እስኪታወቅ ድረስ ሲሥሏቸው፥ እኔ ‹‹ይህችን መስመር ይተዋት! ይህችን እንኳ ይሰርዟት!›› እል ነበር። ሂችኮክ ያሉት ቦምብ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በማንም ገጸ ባሕርይ ጠረጴዛ ሥር አልነበረም። በደራሲው ጠረጴዛ ሥር ነበር። እሳቸውም ይጽፋሉ።

እንደ ጥበብ ሥራ ከመዘንሁት ‹‹ኦሮማይ››ን ከ‹‹ከአድማስ ባሻገር›› አላስበልጠውም። ፊያሜታ ከሴትነት ይልቅ ለምኞት ትቀርባለች፤ ፍቅሩም አንዳንድ ቦታ ይለጠጣል። የስለላው ክፍል ግን ከፎርሳይት ጋራ ቢሰለፍ አያፍርም፤ በስብሰባ አዳራሽ ያለው ፍርሃት ደግሞ ከፎርሳይት ይበልጣል፤ ፎርሳይት ያን ፍርሃት ቤታቸው ድረስ አላመጡትምና።

ልጅቷ መጽሐፉን ስመልስላት ‹‹ጋሼ፥ ደራሲውን ማን እንደ ወሰደው አልታወቀም እንዴ?›› ብላ ጠየቀችኝ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት። ከጨረስሁ በኋላ ‹‹ይህ እኮ ወሬ ነው፤ ሰነድ የለም?›› አለችኝ። እንደ ግራንት መሆኗ ነው። ሰነድ ያየሁ ሰው አይደለሁም አልኋት።

የአጋታ ክሪስቲን መጽሐፍ ደግሞ ጎረቤቴ እትዬ እንዳውሳቸው ጠይቀውኛል፤ እንግሊዝኛቸው ከኔ ይሻላል። ከመስጠቴ በፊት ላጲስ አንሥቼ በእርሳስ የተጻፈውን ስም አጠፋሁት። ወረቀቱ አሮጌ ነውና ትንሽ ተፋቀ፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ላየው ሰው የፊደሎቹ ጠባሳ አሁንም ይነበባል። ይህን አልነገርኋቸውም።